አንድ መስመር ከዚህ፣ አንድ መስመር ከዚያ

የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የሕፃናት ክፍል። ወላጆች መጥተው የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «ልጄ ማንበብ እንዲወድ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። እኔም የለመድኩትን እመልሳለሁ፤ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡለት፣ እሱም ያንብብላችሁ፣ አታስገድዱት እላለሁ። ሁሉም እውነት ነው። አንዷ ደፈር ብላ «አንቺንስ ማን አስለመደሽ?» ካለችኝ ግን «አባቴ» እልና መደርደሪያው ላይ የማስተካክለው ነገር አላጣም። ከዚያ በላይ ብነግራት ልጇን አንጠልጥላ የምትወጣ ይመስለኛል።

አባቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ያኔ ጽሑፍ በታይፕ ተመትቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይመጣል። ፊደል ለቃሚው ከእርሳስ ብረት የተሠሩትን ፊደሎች አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድረውና ለሙከራ አንድ ቅጂ ይታተማል። የአባቴ ሥራ ይህን የሙከራ ቅጂ በታይፕ ከተመታው ጋር ማመሳከር፣ ስህተቱን በቀይ እርሳስ ማመልከት፣ ሲጠራ ደግሞ ከግርጌው መፈረም ነበር። እሱ ሳይፈርም ማሽኑ አይነሳም። ይህን ለሰው ሲያወራ ትንሽ ደረቱን ይነፋል፤ እኔም አብሬው እነፋለሁ።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ሥራውን ወደ ቤት ይዞ መምጣት ጀመረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ከፎቅ በታች ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች ስለነበሩ ቤታችን ከሰዓት በኋላ የላስቲክ ሽታ ይሸተው ነበር፤ በዚያ ላይ የአባቴ ልብስ የቀለምና የጋዝ ሽታ ይጨመርበታል። እስከ ዛሬ ጎማ ቤት ካየሁ መንገድ ተሻግሬ አልፋለሁ።

«ጥድፌ፣ ነይ እንጫወት» ይለኛል። ጥድፌ ያለኝ ስለምጣደፍ ነው። ስበላም፣ ደረጃ ስወርድም፣ ሳወራም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በታይፕ የተመታው ወረቀት በግራዬ፣ የታተመው በቀኜ ይሆናል። ከግራው አንድ መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ቀጥዬ ያንኑ መስመር ከቀኙ አነባለሁ። አንድ መስመር ከዚህ፣ አንድ መስመር ከዚያ። አራት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ይጠራል። ሁለቱ ካልገጠሙ አባቴ ማሽኑን የሚያስቆም ይመስል «ቁም!» ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታል። እኔ እየሳቅሁ ቀዩን እርሳስ አነሳና እሱ እንደነገረኝ ምልክት አደርጋለሁ። መጨረሻ ላይ ጣቱን ይዤ የሚፈርምበት ቦታ ላይ አሳርፍለታለሁ፤ ይህም የጨዋታው አንድ ክፍል ነበር።

እያነበብኩለት ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። አንባቢነቴ ቢጥመው ነው ብዬ ክንፍ አወጣሁ።

ያኔ ዓይኑን ቢገልጠውም ምንም ለውጥ አልነበረውም። ያደረበት የዓይን ሕመም የእይታውን መሃል በልቶት ዳር ዳሩን ብቻ ነበር የተወለት። በር ያያል፣ ሰው መምጣቱን ያያል፣ ወንበር አይመታውም። የሚያየውን ነገር ፊት ለፊት ሊያይ ሲሞክር ግን ይጠፋበታል። ፊደል የሚባል ነገር የጠፋበት ጨዋታውን በጀመርንበት ሰሞን ነበር። ጠዋት እጄን ይዞ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንሄድ «እስቲ ያ ታፔላ ምን ይላል? የሚመጣው አውቶቡስ ቁጥሩ ስንት ነው?» እያለ ይፈትነኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን «እንዲህ ነው አባት!» ይሉ ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው።

እናቴ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ሁለታችንን ጠረጴዛው ላይ ስታገኘን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አባቴን ወደ ማድቤት ጠራችው። እኔ ከማድቤቱ መጋረጃ ወዲህ ነኝ።

«ሕፃን ልጅ ትከሻ ላይ የሚጫን ነገር ነው ይሄ?»

«ስምንት ወር ነው የቀረኝ» አለ አባቴ። «ስምንት ወር ብቻ ታገሺኝ። ከዚያ በክብር ጡረታ እወጣለሁ። አሁን ካወቁ ባዶ እጄን ነው የሚያሰናብቱኝ።»

«እሷ ብትሳሳትስ?»

«እሷ አትሳሳትም። ደህና ሳለሁ ከነበርኩት ከእኔ እንኳን ትሻላለች።»

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ከአባቴ እሻላለሁ! ሌላው ሁሉ የትልልቅ ሰዎች ጭቅጭቅ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። እናቴ ስትወጣ ጭንቅላቴን ሳመችኝ። ከንፈሯ እርጥብ ነበር፤ ማልቀሷን ግን አላስተዋልኩም።

ጨዋታው ሽልማት ነበረው። ማተሚያ ቤቱ ያን ሰሞን የልጆች ታሪክ መጽሐፍ ያትም ነበር። አባቴ ከማሽኑ የወጡትን ያልተጠረዙ ወረቀቶች በየጥቂት ቀኑ ይዞልኝ ይመጣል። ሥራው ሲያልቅ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን እነሱን አነብለታለሁ። እዚህ ላይ ማመሳከር የለም፣ አራት ነጥብ መጥራት የለም፣ እርሳስም የለም። ሰዎችን በጀልባ የምታሻግር የአንዲት ሴትዮ ታሪክ ነበር። ጀልባዋ ወንዙ መሃል ስትደርስ ተሳፋሪው አንድ እውነት መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ጀልባዋ ንቅንቅ አትልም። አባቴ እንደ ልጅ ይስቃል፣ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ይለኛል፣ ወረቀቱ ሲያልቅ ሁለታችንም እናዝናለን። «ታትሞ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ያነበብሽውን ይሰማሻል፣ የተጠረዘውንም መጽሐፍ ይሸልምሻል» ይለኝ ነበር። እየቀለደ ነበር። እኔ ግን ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ ሳምንት ላይ ታሪኩ ክፉ ቦታ ላይ ተቋረጠ። ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ወንዙ መሃል ደርሶ አልናገርም አለ። ጀልባዋ ቆመች፣ ውሃው መጨመር ጀመረ፣ ወረቀቱ አለቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀልቤ አብሮኝ አልነበረም። አባቴም ገበታ ላይ ተቀምጦ «ይሄ ሰውዬ ግን ምን ቢሠራ ነው?» ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሁለት ጥቅል ይዞ መጣ። አንዱ የታሪኩ ቀጣይ ነበር። ሌላው ሰኞ ጠዋት ማሽን ላይ የሚወጣ፣ ከሳል ሽሮፕ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚታጠፍ መመሪያ ወረቀት ነው። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል፤ ብዛቱ ደግሞ መከራ ነው።

«መጀመሪያ ይሄንን» አለ አባቴ።

ጀመርኩ። አንድ መስመር ከዚህ፣ አንድ መስመር ከዚያ። ሽሮፑ ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ። ዓይኔ ግን ወደ አልጋው፣ ወደ ሌላኛው ጥቅል ይሸሻል። ግማሹን እንዳለፍኩ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ከግራው ወረቀት አንብቤ ወደ ቀኙ ከመዞር ይልቅ ያንኑ የግራውን መስመር ደግሜ ብጠራውስ? ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሞከርኩት። አባቴ «ቁም!» አላለም። እንዴት ይበል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ የቀኙን ወረቀት ዞር ብዬም አላየሁት። ምላሴ እየተንከባለለ ገጹ እልም አለ።

«አለቀ?» አለ አባቴ።

«አለቀ!»

ጭንቅላቱን ከግድግዳው አንስቶ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጣቱን ወስጄ ቦታው ላይ አሳረፍኩለት፤ ፈረመ። ሮጥን ማለት ይቻላል ወደ አልጋው። ሰውየው በመጨረሻ ተናገረ፣ ጀልባዋም ተንቀሳቀሰች። እኔና አባቴ እልል አልን። ምን ብሎ እንደተናገረ ግን ዛሬ አላስታውስም። ስንት ሌሊት ለማስታወስ ሞክሬአለሁ መሰላችሁ! አንድ ቃል አልመጣልኝም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እናቴ ከሥራ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ወርክሾፑ ውስጥ የተወራ ነገር ነበር። «ሽሮፕ የተሰጣቸው ሕፃናት ተኝተው አልነቃ ብለዋል አሉ» አለች። «ሦስት ናቸው። አንዱ ጥርስ እንኳን አላበቀለም።»

ሕፃን ልጅ ቢተኛ ምን ክፋት አለው? እናቶች ተኛልን ብለው አይደል የሚለምኑት? ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩ መሰለኝ፣ እናቴ ዞራ አየችኝ። አባቴ ሲገፋው ወንበሩ ወለሉን ፋቀው።

«የምን ሽሮፕ?» አለ።

«የሳል።»

አባቴ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። እናቴ ማድቤት ገብታ የታጠቡትን ሳህኖች አንድ በአንድ አውርዳ ማጠብ ጀመረች። እኔ ሁለቱ ተጣልተዋል አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፊት የቆመው የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ወፍራም፣ ደረጃው ያስጨነቀው ሰው። ከኋላው ጥቁር ቦርሳ የያዘ ቀጭን ሰውዬ አለ። መድኃኒት ከሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት የመጣ መርማሪ ነበር፤ ለእኔ ግን መጽሐፌን በቦርሳው ይዞ የመጣ ሰው ነው። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። አባቴ ወደ ማድቤት ግቢ አለኝ፤ ገባሁና መጋረጃው ሥር ቆምኩ።

ቀጭኑ ሰውዬ ከቦርሳው ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ አባቴ። ወደ ወረቀቱ ዝቅ እንኳን አላለም።

«አይተው አመሳክረውታል?»

«አመሳክሬዋለሁ።»

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ ተናገረ። መጋረጃው ሥር የደረሰኝ «ሃያ ሁለት ዓመት»፣ «ጋሼን የመሰለ ሰው»፣ «አንድም ስህተት» የሚለው ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ሙሉ ንግግሩን ዛሬ አውቀዋለሁ። «ጋሼ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ስህተት አልሠሩም፤ ሰው ናቸው፣ አንድ መስመር አመለጠቻቸው፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸውና ይለፉ» እያለ ይማልድ ነበር። መርማሪውም የተስማማ ይመስል ነበር። «ያመለጣቸው ከሆነ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

እኔ የታየኝ መጽሐፌ ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ነው። አባቴ ደግሞ ምስጋናውን ሁሉ ብቻውን ዋጠው! መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አባዬ አይደለም ያነበበው! እኔ ነኝ!»

«ጥድፌ፣ ግቢ!» አለ አባቴ። እንዲያ ጮሆብኝ አያውቅም።

መርማሪው ግን ዞረ። «አንቺ ነሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ማር ነው። «እንዴት አድርገሽ? አሳዪኝ እስቲ።»

ወረቀቶቹን መልሶ ዘረጋልኝ። በታይፕ የተመታውን በግራዬ፣ የታተመውን በቀኜ አደረግሁ። እንግዶች ፊት ስለሆንኩ አልተጣደፍኩም፤ በሥርዓቱ ከግራ አነበብኩ፣ በሥርዓቱ ከቀኝ አነበብኩ። «ከምግብ በኋላ ይወሰዳል፣ አራት ነጥብ።» «ከምግብ በኋላ ይወሰዳል፣ አራት ነጥብ።» አባቴ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ አየር ላይ ይፈልገኛል። ራቅ አልኩና ቀጠልኩ። ከግራው «ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ አይሰጥም፣ አራት ነጥብ» አልኩ። ወደ ቀኙ ዞርኩ። «መድኃኒቱን ከፀሐይ ያርቁ፣ አራት ነጥብ።»

«ቁም!» ብዬ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁ። «እዚህ ጋ አንድ መስመር ጎድሏል!»

እስኪያጨበጭቡልኝ ጠበቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ፤ በጣም ተደንቆ ነው አልኩ። መርማሪው ወረቀቱን በቀስታ አንስቶ ለአባቴ ዘረጋለት።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?»

አባቴ በወረቀቱ ጎን ግድግዳውን አየ።

«የትኛውንም መስመር ያንብቡልኝ።»

«ልጄ ምንም አታውቅም» አለ አባቴ። «አላይም። ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ ምንም አታውቅም።»

መጽሐፉ ከቦርሳው አልወጣም። ሰዎቹ ሲወጡ አባቴን ይዘውት ወጡ። ደረጃው ላይ ሥራ አስኪያጁ ክንዱን ይዞ «አንድ ደረጃ፣ ሌላ አንድ ደረጃ» ሲለው ሰማሁ። እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ቀይ እርሳሴን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሁለት ዓመት ፈረዱበት። የተሳሳተ ሰው በማስጠንቀቂያ ይታለፍ ነበር፤ ዓይኑ እንደማያይ ደብቆ የፈረመ ግን አታላይ ነው ተባለ። ከሦስቱ ሕፃናት ሁለቱ ነቅተዋል። ጥርስ ያላበቀለው አልነቃም። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለማወቅም ድፍረቱ አልነበረኝም።

እናቴ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። «የስምንት ዓመት ልጅ ናት፣ ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ አመለጣት» ትል ነበር ለዘመድ ሁሉ። ዘመዱም «ምን ታድርግ፣ ሕፃን ናት!» እያለ ይስመኛል። ያ መሳም አንጀቴን ይቆርጠው ነበር። መስመሯ አላመለጠችኝም። ወደ እሷ አልዞርኩም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሲጨምር ነገሩም አብሮኝ ጨመረ። አባቴ ከእስር ወጥቶ ሲመጣ ጨርሶ ታውሮ ነበር። በራችን ላይ አገጬን ዳብሶ «አድገሻል» አለኝ፤ እኔ ግን አልነገርኩትም። ሳገባም፣ ስወልድም፣ እናቴን ስንቀብርም አልነገርኩትም።

አሁን አባቴ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ታሪክ ያስነብበው ነበር። ልጄ ሲቸኩል ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጠና ዘለለ። አባቴም ሳቀና «ተው እንጂ፣ ዘለልክ!» አለው። ልጄ ሊጫወት ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ያን ቅዳሜ ቀኙን ወረቀት እንዳላየሁት፣ ግራውን ሁለት ጊዜ እንደጠራሁት፣ ሁሉንም።

አባቴ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ስትዞሪ ትንፋሽ ትወስጂ ነበር። ያን ቀን ከግማሹ በኋላ ትንፋሽሽ ጠፋ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ አንድ ገጽ ምን ያህል እንደሚፈጅ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ድገሚው ብትለኝ እኮ…»

እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ።

«ያ ፊደል ለቃሚ ጠንቃቃ ልጅ ነው፣ በአንድ ገጽ ምን ይመጣል አልኩ» አለ። «ደግሞ ቸኩዬ ነበር። እኔም የታሪኩን ቀጣይ ለመስማት ቸኩዬ ነበር፣ ልጄ።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሕፃኑን ነገር ብቻዬን ስሸከም አንድ መጽናኛ ነበረችኝ። ከዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ከተቀመጥነው ሁለት ሰዎች አንዱ ንጹሕ ነው እል ነበር። ያን ሰው እወደው ነበር። እሱ የታሰረው በእኔ ኃጢአት ነው እያልኩ እግሩን አጥቤአለሁ፣ ምግቡን ቆርሼ አቅርቤአለሁ።

ውጭ ልጄ ኳስ ከግድግዳው ጋር ያጋጫል። አባቴ ፊቱን እኔ ወደሌለሁበት አቅጣጫ አዞረ። ድምፅ ካልሰማ ሰው መኖሩን አያውቅም።

«አለሽ?» አለ።

«አለሁ» ለማለት ብዙ ቆየሁ።